መኪናዋ የምታውቀው ማንን ነው?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራውም ስለ ቁልፍ ነው። ያገለገለ የጃፓን መኪና ገዝቶ ሁለተኛ ቁልፍ ለማሠራት የሞከረ ሰው ወዴት እንደምሄድ ከወዲሁ ይገባዋል።

መኪናዬን ስረከብ የተሰጠኝ አንድ ቁልፍ ነው። ይሄ የተለመደ ነው። ሁለተኛውስ የት ሄደ ብትሉ መልስ የሚሰጣችሁ የለም። ሻጩ ትከሻውን ይነቀንቃል፣ አለቀ።

እሺ፣ ታዲያ ማስቀረጽ ነዋ! ብረቱን መቅረጽ እንኳ ቀላል ነው። ብረቱ በር ይከፍታል፣ ማስነሻውንም ያዞራል። ሞተሩ እንዲነሳ የሚፈቅደው ግን እጀታው ፕላስቲክ ውስጥ የተቀበረች ትንሽ ቺፕ ናት። ቺፗ ባትሪ የላትም። ማስነሻው ዙሪያ የተጠመጠመ አንቴና አለ፤ ቁልፉን ስትከቱ ኃይል የሚልክላት እሱ ነው። ትነቃና መለያዋን ትናገራለች። የመኪናዋ ኮምፒውተር ከመዝገቡ ጋር ያስተያያል። ካላወቃት ሞተሩ ይሽከረከራል እንጂ አይነሳም፣ ወይም ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል። ኢሞቢላይዘር የሚሉት ይሄንን ነው።

በር ላይ የስም ዝርዝር ይዞ የቆመ ዘበኛ አስቡ። ስማችሁ ዝርዝሩ ላይ ከሌለ፣ ግቢው የራሳችሁ ቢሆንም አያስገባችሁም። እኔን ሲያሳስበኝ የሰነበተው ይሄ ነው። ሊብሬው ላይ ያለው ስም የኔ ነው። መኪናዋ ግን እኔን አታውቀኝም። የምታውቀው ቁልፎችን ነው፤ ያውም ሌላ ሰው፣ ሌላ አገር ያስመዘገባቸውን።

አንድ ነገር ቶሎ ብዬ ልበል። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት መኪናችሁ ይሄ ነገር እንዳላት አረጋግጡ። አውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ለአዲስ መኪኖች ግዴታ አድርጎታል። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ብዙ የዚያ ዘመን መኪኖች ግን ያለ ኢሞቢላይዘር ነው የወጡት። ቆልፋችሁ ስትወርዱ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ምልክቱ እሱ ነው። ከሌላት ተራ ብረት ማስቀረጽ ይበቃል። እንዲህ ላለችው መኪና «ፕሮግራም አድርጌልሃለሁ» ብሎ የሚያስከፍል አይጠፋምና ንቁ።

ካላት ደግሞ ከጃፓን መምጣቷ ራሱ ጣጣ አለው። ሌላው ዓለም መኪና የሚለየው 17 ፊደልና ቁጥር ባለው የሻንሲ ቁጥር ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠሩት አጠር ያለ ነው ያላቸው፦ የሞዴል ኮድ፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ተከታታይ ቁጥር። ከጃፓን ውጭ ያለ ወኪል ቤት ሄዳችሁ ስትሰጡት ሲስተሙ 17 ይጠብቃል። እኔ የሄድኩበት ቦታ ሰውየው ስክሪኑን ወደኔ አዙሮ «መኪናህ እዚህ የለችም» አለኝ። መኪናዋ በመስኮቱ እየታየችን!

ስሙም ያደናግራል። ጃፓን ውስጥ ቪትዝ ሲባል የኖረው መኪና በሌላ አገር ያሪስ ነበር፤ ጃፓንም ስሙን ያሪስ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ታዲያ ሰው «የያሪስ ቁልፍ» ብሎ ኢንተርኔት ላይ ያዛል። ይመጣለታል፣ ያምራል፣ አንዳንዴም ሞተሩን ያስነሳለታል። ሪሞቱን ሲጫነው ግን ዝም። ምክንያቱም ቺፕና ሪሞት አንድ ፕላስቲክ ውስጥ ይኑሩ እንጂ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የጃፓን መኪኖች ሪሞት በአብዛኛው ከ312 እስከ 315 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው የሚሠራው። ለአውሮፓ የተሠራው 433.92 ነው። ሞገዳቸው ካልተገናኘ በየትኛውም ማሽን ብታስሞክሩት አይግባቡም። ያገለገለ ስማርት ቁልፍ፣ ማለትም ማስነሻው ውስጥ ሳይከተት ኪስ ውስጥ ሆኖ መኪናዋ የምታውቀውን፣ ስትገዙም ተጠንቀቁ። ብዙዎቹ አንዴ ከአንድ መኪና ጋር ከተመዘገቡ ይቆለፋሉ፤ ሌላ መኪና ላይ እንዲሠሩ መጀመሪያ መከፈት አለባቸው።

አሁን ወደ መዝገቡ ልመለስ። ቁልፍ የሚሠራው ልጅ ማሽኑን ከመሪው ሥር ሰክቶ፣ አዲሱን ከመመዝገቡ በፊት፣ «ስንት ቁልፍ ነው ያለህ?» አለኝ። አንድ አልኩት። ስክሪኑ ላይ ግን የተመዘገቡት ሦስት ነበሩ።

ሦስት! ሁለቱ የት ናቸው? አንዱ ጃፓን፣ የሆነ ሰው መሳቢያ ውስጥ ሊሆን ይችላል። እሱ አያስፈራኝም፤ ባሕር ተሻግሮ አይመጣም። ግን መኪናዋ እኔ ጋ እስክትደርስ በስንት እጅ አለፈች? ላኪው፣ ወደብ ላይ የነዳት፣ አስመጪው፣ ደላላው፣ ያጠበውና የጠገነው። ከነዚህ አንዱ ጋ ቢሆንስ? እ.ኤ.አ. በ2005 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲና የአርኤስኤ ላብራቶሪ ተመራማሪዎች በብዙ መኪኖች ቁልፍ ውስጥ የነበረውን ባለ 40 ቢት ቺፕ ምስጢር ሰብረው አሳይተዋል። ሰው እንዲህ ያለውን ወሬ ሲሰማ ይደነግጣል። እኔ ግን በኮምፒውተር ከሚሰብረኝ ይልቅ፣ ምንም ሳይሰብር በሕጋዊ ቁልፍ አስነስቶ የሚሄደው ነው ያስፈራኝ።

ስለዚህ ቁልፍ የምታስጨምሩ ከሆነ የሌሉትን አስጠፉ። የሆንዳ አሠራር በዚህ ደስ ይለኛል፤ ምዝገባ ሲካሄድ ቦታው ላይ ያልተገኘ ቁልፍ ከመዝገብ ይወጣል። በሌሎቹ ላይ ጠይቃችሁ ማስደረግ አለባችሁ። ከጨረሰ በኋላ ደግሞ ቁጥሩን እንደገና አስነብቡት። ሁለት ይዛችሁ የምትወጡ ከሆነ ስክሪኑም ሁለት ማለት አለበት። ባለሙያውን መጠርጠር አይደለም። ደህና ባለሙያ ራሱ ያሳያችኋል፤ የኔው ሳልጠይቀው ነው ያሳየኝ።

አንዱ ቁልፍ በእጃችሁ እያለ ይህን ማድረግና ሁሉም ከጠፋ በኋላ መሯሯጥ ሰማይና ምድር ነው። በቆዩት ቶዮታዎች አዲስ ቁልፍ ለማስገባት ዋናው ቁልፍ ያስፈልጋል። ጥቁሩ ማለቴ ነው፤ ግራጫው ለጊዜው ለሌላ ሰው የሚሰጥ ነው፣ ማስመዝገብ አይችልም። ዋናው ከሌለ ኮምፒውተሩን ፈትቶ ሜሞሪውን እንደገና መጻፍ ይመጣል። በኋላ የወጡት ላይ በማሽን ይስተካከላል፤ እሱም 16 ደቂቃ ያህል ያስጠብቃል። በመሃል የመኪናዋ ባትሪ ከደከመ ሥራው ይበላሻል።

ቁልፉ ላይ የተንጠለጠለች፣ ቁጥር ያለባት ትንሽ ብረት ካገኛችሁ እንዳትጥሏት፤ ፎቶ አንሷት። በዚያ ቁጥር ብረቱ እንደ ፋብሪካው ይቀረጻል። የተበላውን ቁልፍ አይቶ የሚቀርጽ የተበላ ቁልፍ ነው የሚሰጣችሁ።

ስትረከቡ እዚያው ቆማችሁ ሁሉንም ሞክሩ። በሩን በብረቱም በሪሞቱም ክፈቱ። ሞተሩን በአዲሱም በአሮጌውም አስነሱ፣ አጥፉ፣ ድገሙ። ስማርት ከሆነ ባትሪውን ከውስጡ አውጥታችሁ፣ ቁልፉን ራሱን መኪናዋ ማስነሻ በተን ላይ አስጠግታችሁ ሞክሩት። ከዚያ ክፈሉ። ለዛሬ እዚህ ላይ ላብቃ፣ ቻው።