የኮርንዎል መድፍና የጎረቤቶቹ መልስ

ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ነገ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ካለችው ከላንካስተር ተነሥተን ሌባነን ካውንቲ ውስጥ ወዳለችው ኮርንዎል ወደምትባል ትንሽ የማዕድን መንደር እንሄዳለን። አንዳንዶቻችሁ «የቤተ ክርስቲያናችንን ታሪክ እናያለን ብለን ወጥተን ብረት ማቅለጫ ምን ይሠራልናል?» ስትሉ ሰምቻለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ዛሬ የተነሣሁትም ለእሱ ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ።

ፒተር ግራብ የተባለ ድንጋይ ጠራቢ እዚያ ብረት የሞላው ኮረብታ አግኝቶ በ1742 ምድጃ አቆመ። ማዕድኑ ከመሬቱ ወለል ላይ የሚዛቅ ስለነበር አላስቸገረም። ያስቸገረው ከሰሉ ነው። የዚያ ዘመን ምድጃ በሥራ ላይ ሳለ በቀን የአንድ ኤከር ጫካ ያህል እንጨት ይበላ ነበር ይባላል። ከሰል አክሳዮቹ ጫካ ውስጥ ጎጆ ቀልሰው፣ የእንጨቱን ክምር አፈር አልብሰው፣ ሌሊቱን ሁሉ እየተነሡ ያዩታል፤ አፈሩ ተሰንጥቆ አየር ከገባበት ክምሩ ነድዶ አመድ ይሆናልና። ከዚያ ከሰሉና ማዕድኑ ከኖራ ድንጋይ ጋር በምድጃው አናት ይጨመራል፤ የቀለጠው ብረት በሥሩ ተከፍቶለት በአሸዋ ላይ በተቀደደ ቦይ ይፈስሳል። በዚህ ሥራ ላይ ባሪያዎችም ነበሩበት። አስጎብኚው ካላነሣው ጠይቁት፤ ዝም ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

በአካባቢው ግን ሌላ ዓይነት ሰዎች ያርሱ ነበር፤ ጀርመንኛ ተናጋሪዎቹና ጦር አንይዝም የሚሉት ክርስቲያኖች፣ ሜኖናይቶች። የአሜሪካ አብዮት ሲነሣ የኮርንዎል ምድጃ ለጦሩ መድፍ ማቅለጥ ጀመረ። ሜኖናይቶቹ ደግሞ በኖቬምበር 1775 ለፔንሲልቬንያ ምክር ቤት ደብዳቤ አቀረቡ። ሐሳቡ ይህ ነው፦ የተራበን ማብላት፣ የተጠማን ማጠጣት፣ የሰው ሕይወት በሚተርፍበት ነገር ሁሉ ማገልገል ግዴታችን ነው፤ ሕይወት በሚጠፋበት ነገር ግን እጃችንን አናስገባም። በ1777 የታማኝነት መሐላ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። «ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን» የሚለውን ቃል ይዘው አንምልም ስላሉ መብታቸውን አጡ፤ ቀረጥም ተጫነባቸው።

ሆኖም ቅዱሳን አናድርጋቸው። ያው ምድጃ የቤት ማሞቂያና ድስትም ያወጣ ነበር፤ ገበሬ ደግሞ ያለ ብረት አያርስም። ከብረቱ ጋር እየኖሩ መድፉን እንቢ ማለት ቀላል አልነበረም፤ እንደኔ እንደኔ፣ ታሪካቸውን ትልቅ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

የምድጃው እሳት በ1883 ጠፋ፤ ቁፋሮው ግን ቀጠለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የኮርንዎል ማዕድን ቤተልሔም ወደተባለው የአሜሪካ ብረት ኩባንያ ይጋዝ ነበር። በዚያው ዘመን ብዙ የሜኖናይት ወጣቶች ጠመንጃ አንይዝም ብለው በመንግሥት ፈቃድ በደን ጥበቃና በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሎች አገለገሉ። በ1945 ደግሞ ከዚሁ ማኅበረሰብ የተላኩ ሰዎች ጣልያን ያቆሰላት አገራችን ደረሱ። ይዘው የመጡት ልብስና መድኃኒት ነበር። ናዝሬት ላይ የጥጥ መዳመጫ የነበረውን ሕንጻ ሆስፒታል አደረጉት፤ አዳማ ያደጋችሁ ኃይለ ማርያም ማሞ የሚባለውን ያንን ሆስፒታል ታውቁታላችሁ። የ1775ቱ ደብዳቤ እናቶቻችን ዘንድ የደረሰው በዚህ መልክ ነው። ከእነዚያ ሰዎች ጋር የተጀመረው ኅብረት ቤተ ክርስቲያናችን መሠረተ ክርስቶስ ሆነ። ደርግ በ1982 ሲዘጋው ምእመናኑ 5,000 ያህል ነበሩ፤ በ1991 ሲከፈት 34,000 ገደማ ሆነው ወጡ። ያም በየሳሎኑ፣ መጋረጃ እየተዘጋ፣ መዝሙሩ በሹክሹክታ እየተዘመረ ነው። ከእናንተ መካከል እዚያ ሳሎን የነበሩ አሉ፤ እነሱ ቢነግሩን ይሻላል።

ነገ ሦስት ነገር እናያለን። መጀመሪያ ምድጃውን። ቀጥሎ ጉድጓዱን፤ በ1972 አግነስ የተባለችው አውሎ ነፋስ ያመጣችው ጎርፍ ማዕድኑን አጥለቅልቃ፣ ሥራው በ1973 ቆሞ፣ ዛሬ ሐይቅ ነው። መጨረሻ ላይ የቆፋሪዎቹን የድንጋይ ቤቶች። ሰው ይኖርባቸዋል፤ ስለዚህ በመስኮት ማየትም ደጃፍ ላይ ፎቶ መነሣትም የለም። ልጆች ያላችሁ ከሐይቁ አጥር አርቁልን። አሁን በናዝሬት ሆስፒታል ያገለገሉት እናታችን መድረኩን ይረከባሉ።