ከሞተሩ በፊት ክንፉን

ጤና ይስጥልኝ። የኮምቦልቻ ተማሪዎች፣ ከደሴ የሀረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ የመጣችሁ መምህራንም፣ ስለተገኛችሁ አመሰግናለሁ።

በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ሁለት ሰው የምትይዝ ቀላል አውሮፕላን እንሥራ ሲባል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ነው። እኔ ከክንፉ እንጀምር ባይ ነኝ፤ ምክንያቴም አየራችን ነው። የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ17 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ ቀትር ላይ ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል። አየር ሲሳሳ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ፕሮፔለሩ የሚገፋው ያንሰዋል፣ ክንፉም ለመነሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። 100 የፈረስ ጉልበት ያለው የሮታክስ 912 ዓይነት የቀላል አውሮፕላን ሞተር እዚህ ከ80 ትንሽ ቢያልፍ ነው። ይሄ ሁሉ ሲደመር መንደርደሪያው አንድ ተኩል እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ቱርቦ፣ ማለትም አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ፣ ያለው ሞተር አለ፣ ግን ዋጋውም ክብደቱም ይጨምራል። ስለዚህ የሌላ አገር ንድፍ እንዳለ መገልበጥ አያዋጣንም። ሰፋ ያለ ክንፍ እንሥራ፣ ፍጥነቱ ቢቀንስም ይቀንስ።

ክብደቱን ደግሞ አብረን እናስላ። በአውሮፓ ለረጅም ጊዜ የሁለት ሰው አልትራላይት (በጣም ቀላል አውሮፕላን) ከነጭነቷ ከ450 ኪሎ እንዳትበልጥ ይባል ነበር፤ በኋላ ብዙ አገሮች እስከ 600 ፈቅደዋል። 450ን እንያዝ። ባዶዋ 280 ብትሆን፣ ሁለት ሰው 140 ቢመዝን፣ የሚተርፈው 30 ኪሎ ነው። 40 ሊትር ገደማ ቤንዚን ማለት ነው፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ብዙም አያስኬድም። ቀለሙን አወፍራችሁ ብትቀቡ እንኳ የሚቀነሰው ከነዳጁ ነው!

ወንበሮቹ ጎን ለጎን ቢሆኑ ደስ ይለኛል። ሁለቱም ሰው የአውሮፕላኗ ክብደት ሚዛኑን የሚጠብቅበት መሃል አጠገብ ስለሚቀመጥ፣ አንዱ ባይኖርም አውሮፕላኗ ወደፊት ወይም ወደኋላ ብዙም አታጋድልም። አስተማሪውም የተማሪውን እጅ ያያል።

ኮምቦልቻ የጨርቃጨርቅ ከተማ ናትና ይሄን ልንገራችሁ፦ የብዙ ቀላል አውሮፕላኖች ክንፍ የሚለብሰው የፖሊስተር ጨርቅ ነው። በሙጫ ይለጠፍና በካውያ ይተኮሳል። ከ120 ዲግሪ ተነስቶ ሙቀቱ ደረጃ በደረጃ እስከ 175 ሲደርስ ጨርቁ ይኮማተርና እንደ ከበሮ ይወጠራል። ካውያው በቴርሞሜትር ካልተለካ ግን ጨርቁ ይላላል ወይም ሥሩ ያለውን አጥንት ያጣምማል።

ሰው ከመሳፈሩ በፊት ክንፉ በአሸዋ ይፈተናል። አውሮፕላኗ ተገልብጣ ክንፏ ላይ የአሸዋ ከረጢት ይደረደራል። የክብደቷን አራት እጥፍ ትችላለች ብለን ካሰላን፣ ለመጠባበቂያ በአንድ ተኩል ሲባዛ ስድስት እጥፍ ይሆናል። ለ450 ኪሎዋ ይሄ 27 ኩንታል ነው። ይሄን ፈተና ሳታልፍ ሞተሯን የሚያስነሳ ሰው እንዳይኖር አጥብቄ እለምናለሁ። የሲቪል አቪዬሽን ፈቃድም የግድ ነው።

አይቻልም ለሚሉን ደግሞ፣ ደሴ ኅዳር 26 ቀን 1928 በጣልያን አውሮፕላኖች ስትደበደብ፣ በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያውያን ከጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ጋር ሆነው «ፀሐይ» የተባለችውን አውሮፕላን ሠርተው አብርረዋል። ጣልያን ወስዷት በ2016 ተመልሳለች።

አሁን የምጠይቃችሁ ቀላል ነገር ነው። እርሳስ ከማንሳታችን በፊት የኮምቦልቻን የቀትር ሙቀትና የአየር ግፊት በየቀኑ እንመዝግብ፤ የክንፉን ስፋት የምንወስነው ከዚያ ነው። መመዝገብ የምትፈልጉ ከስብሰባው በኋላ እዚሁ ጠብቁኝ።