ያልለካነውን ቁጥር ከለካናቸው ማውጣት፦ የተስማሚ መስመር አሠራር

[በስክሪኑ፦ ባዶ ግራፍ። አግድሙ «ደቂቃ»፣ ቋሚው «ቁመት በሴንቲ ሜትር»]

ሻማ ለኩሰን በየ10 ደቂቃው ቁመቱን በማስመሪያ ለካን እንበል።

[ነጥቦቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ፦ በ10 ደቂቃ 18.9፤ በ20 18.2፤ በ30 17.0፤ በ40 16.3፤ በ50 15.1]

በ35ኛው ደቂቃ ቁመቱ ስንት ነበር? በዚያች ደቂቃ አልለካንም። ነጥቦቹ ቀጥ ብለው ወደ ታች እየወረዱ ነው፤ ግን አምስቱም አንድ መስመር ላይ አልተሰለፉም። የሻማው አናት ቀልጦ ስለሚጎደጉድ ከየት መለካት እንዳለበት እርግጠኛ መሆን ያስቸግራል፤ ማስመሪያም ትንሽ ይንጋደዳል። ስለዚህ ነጥብን ከነጥብ አናገናኝም፤ ካገናኘን የመለኪያውን ስህተት እንደ ሻማው ባሕርይ ቆጠርነው ማለት ነው። የምንፈልገው በመሃላቸው የሚያልፍ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ነው።

በእጅ ስትሠሩ «ግማሾቹ ነጥቦች ከላይ፣ ግማሾቹ ከታች ይሁኑ» የሚል ምክር ትሰማላችሁ። አይበቃም፤ ይህን የሚያሟሉ ያዘነበሉ መስመሮች ብዙ ናቸው። የሚሻለው አማካዩን ነጥብ ማግኘት ነው። የደቂቃዎቹ አማካይ 30፣ የቁመቶቹ 17.1 ነው። እርሳሳችሁን እዚያ ትከሉ፤ ብርሃን አሳላፊ ማስመሪያ አስጠግታችሁ፣ ነጥቦቹ በሁለቱም ጎን ተቀራራቢ ርቀት ላይ እስኪሆኑ ድረስ አዙሩት።

[በስክሪኑ፦ ማስመሪያው በአማካዩ ነጥብ ዙሪያ ይዞራል]

በስሌት ሲሆን ደንቡ ጥብቅ ነው። ከእያንዳንዱ ነጥብ እስከ መስመሩ ያለውን ልዩነት ቁልቁል ለኩ፤ ልዩነቱን በራሱ አባዙ፤ ሁሉንም ደምሩ። ድምሩን ከሁሉም የሚያሳንሰው መስመር አሸናፊ ነው። ቁልቁል የሚለካው የምንተነብየው ቁመትን እንጂ ጊዜን ስላልሆነ ነው። በራሱ የሚባዛው ደግሞ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ልዩነቶች እንዳይጣፉ ነው። ዘዴውን በ1805 አሳትሞ ያወጣው ፈረንሳዊው ሌዣንድር ነው፤ ጀርመናዊው ጋውስ በ1809 «እኔ ከ1795 ጀምሮ ስጠቀምበት ነበር» ብሎ ጻፈና ጭቅጭቅ ተነሣ።

[በስክሪኑ፦ ሠንጠረዥ]

ከእያንዳንዱ ደቂቃ ላይ 30 ቀንሱ፦ −20፣ −10፣ 0፣ 10፣ 20። ከእያንዳንዱ ቁመት ላይ 17.1 ቀንሱ፦ 1.8፣ 1.1፣ −0.1፣ −0.8፣ −2.0። ጥንድ ጥንዱን አባዝታችሁ ስትደምሩ −95 ይመጣል። የመጀመሪያውን ረድፍ ቁጥሮች እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝታችሁ ስትደምሩ 1000። −95 ለ1000 ሲካፈል −0.095፤ ይህ ስሎፑ ነው፤ ሻማው በደቂቃ 0.095 ሴንቲ ሜትር ያጥራል። መነሻው ቁመት ደግሞ 17.1 ሲደመር 0.095 ሲባዛ በ30፣ ማለትም 19.95።

[ቁመት = 19.95 − 0.095 × ደቂቃ]

35ን አስገቡ፦ 16.625። ማስመሪያችን የሚያነበው እስከ አንድ አሥረኛ ስለሆነ 16.6 በሉ።

ኤክሴል ይህን በቅጽበት ይሠራዋል፤ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ስካተር ቻርት (ነጥቦችን በሁለቱም ቁጥሮቻቸው የሚያስቀምጥ ግራፍ) መምረጥ ሲገባችሁ ላይን ቻርት (የመስመር ግራፍ) ከመረጣችሁ፣ ደቂቃዎቹን እንደ ስም ብቻ ያያቸውና 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 ብሎ ይቆጥራል። ትሬንድላይኑ፣ ማለትም ኤክሴል የሚያሰምረው ተስማሚ መስመር፣ ሥዕሉ ላይ ልክ ይመስላል፤ የሚጻፈው ስሎፕ ግን −0.95 ነው፣ አሥር እጥፍ።

አሁን ይበልጥ ልብ ማለት ወደሚገባን ነገር እንምጣ፦ የዳር ነጥቦች ጉልበት። የመጨረሻውን 15.1 ስንገለብጥ ቁጥሮቹ ተቀያይረው 11.5 ብለን ጻፍነው እንበል።

[የመጨረሻው ነጥብ ይወርዳል፤ መስመሩ ተከትሎት ያዘነብላል]

ስሎፑ ከ−0.095 ወደ −0.167 ይሄዳል። ለ60ኛው ደቂቃ የሚሰጠን ትንበያም ከ14.25 ወደ 11.37 ይወርዳል። ያው የ3.6 ስህተት በመሃለኛው፣ በ30ኛው ደቂቃ ነጥብ ላይ ቢሆን ኖሮ ስሎፑ ንቅንቅ አይልም ነበር፤ መስመሩ እንዳለ 0.72 ይወርዳል እንጂ። ምክንያቱን ከሠንጠረዡ ታዩታላችሁ፦ የመሃለኛው ቁጥር የሚባዛው በ0 ነው፣ የዳሩ በ20። ስለዚህ ደግማችሁ የምታረጋግጡት መጀመሪያ የዳሮቹን ነው። አፈንጋጭ ነጥብ ስላላማራችሁ ብቻ ግን አትሰርዙ፤ ወደ መጀመሪያው መዝገብ ሂዱ።

[በስክሪኑ፦ የቀሪ ልዩነቶች ግራፍ]

ቀጥሎ ከተለካው ላይ የተተነበየውን ቀንሱ፦ −0.1፣ 0.15፣ −0.1፣ 0.15፣ −0.1። ከዜሮ በላይና በታች የሚመላለሱ፣ ትንንሽ ናቸው። ዳሮቹ ሁለቱም ፖዘቲቭ፣ መሃሉ በሙሉ ኔጌቲቭ ሆኖ ቢመጣ ግን ዳታው ጎባጣ ነው፤ ቀጥ ያለ መስመር አይገባውም። «አር ስኩዌር (መስመሩ ለነጥቦቹ ምን ያህል እንደሚስማማ የሚናገር፣ እስከ 1 የሚደርስ ቁጥር) 0.99 ነው» ብላችሁ ይህን አትዝለሉ። እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ አንስኮም በ1973 አራት የዳታ ስብስቦች አሳየ፦ የአራቱም መስመር ስሎፑ 0.5፣ መነሻው 3 ነው። በግራፍ ሲታዩ ግን አንዱ ጎባጣ ነው፤ በአንዱ ደግሞ ስሎፑን የሚወስነው ዳር ላይ ያለ አንድ ነጥብ ብቻ ነው።

[በስክሪኑ፦ መስመሩ ከ50 ደቂቃ ወዲያ በነጠብጣብ ይቀጥላል]

ከዳታው ክልል ውጭስ? በ240ኛው ደቂቃ እኩልታችን −2.85 ሴንቲ ሜትር ይላል፤ ከዜሮ ያነሰ ሻማ የለም። ከዚያ በፊትም ቢሆን ሻማው ወደ ታች እየወፈረ የሚሄድ ዓይነት ከሆነ ማጠሩ እየቀነሰ ይመጣል፤ የመጀመሪያዎቹ 50 ደቂቃዎች ይህን አያሳዩም። 60ኛው ደቂቃን መተንበይ፣ ሻማው ወጥ ውፍረት ካለው፣ የሚያስኬድ ነው።

ትንበያውን ስትጽፉ የስህተት ክልሉንም ጻፉ። ቀሪዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ ±0.15 ማለት ያምራል፤ ግን ነጥቦቻችን አምስት ብቻ ናቸው። በ95 በመቶ እርግጠኝነት ሲሰላ በ35ኛው ደቂቃ 16.6 ± 0.6፣ በ60ኛው 14.25 ± 0.7 ነው፤ ከአማካዩ በራቅን ቁጥር ክልሉ ይሰፋል። የስህተት ክልሉ ሲሰላ የቀሪዎቹ መጠን የሚባዛበት ቁጥር ለአምስት ነጥብ 3.18 ነው፤ ነጥቦቹ 30 ሲሆኑ ወደ 2.05 ይወርዳል። ጊዜ ካላችሁ በየ10 ደቂቃው ሳይሆን በየ2 ደቂቃው ለኩ።