ልጅ ከመቀነሳችሁ በፊት

የተከበራችሁ አሰልጣኞች፣ የአካል ብቃት ባለሙያዎች፣ ወጣት ባልደረቦቼ፤ እንኳን ለስልጠናው ማጠናቀቂያ በሰላም አደረሳችሁ።

አዘጋጆቹ «ስለ ጥንካሬና ስለ ፈጣን ኃይል ምዘና አጠር አድርገው ይናገሩልን» ብለውኛል። ማሳጠሩን እሞክራለሁ። ፈጣን ኃይል የምንለው ያለን ጉልበት በቅጽበት ማውጣትን ነው። ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ ሜዳ ዳርም ስብሰባ ላይም ስንከራከር ኖረናል። ዛሬም ለምስጋና ብቻ አልመጣሁም። ሆዴ ውስጥ የቆየ አንድ ነገር አለ፦ ልኩ ባልታወቀ ምዘና ልጆችን ከምልመላ እየቀነስን ነው።

ስሙን የማልጠራው አንድ ክለብ ወጣቶች ሲመለምል እንድታዘብ ተጠርቼ ነበር። መለኪያው የዝላይ ምንጣፍ ነው። መቼም ታውቁታላችሁ፤ ምንጣፉ ከፍታ አያይም። እግር የለቀቀበትንና ተመልሶ የነካበትን ቅጽበት ብቻ ይመዘግባል። ከዚያ በአየር ላይ የቆየበትን ጊዜ በራሱ ያባዛል፣ በምድር ስበት ፍጥነት ለውጥ፣ ማለትም በ9.81 ያባዛል፣ ለ8 ያካፍላል። 0.50 ሴኮንድ የቆየ ልጅ ወደ 31 ሳንቲሜትር ዘለለ ይላል። 0.55 ከቆየ 37። ዓይን የማይለየው 0.05 ሴኮንድ 6 ሳንቲሜትር ይሰጣል ማለት ነው።

አንዱ ልጅ ይህ ገብቶታል፤ ማን እንደነገረው አላውቅም። ሲወርድ እግሩን ወደ ደረቱ ሰብስቦ ቁጢጥ ብሎ ያርፋል። እግሩ ዘግይቶ ይነካል፣ ቁጥሩ ያድጋል፣ ያጨበጭቡለታል። ከእሱ በፊት የተጠራ ቀጭን ልጅ ነበር። ገና በማለዳ፣ ሰውነቱን ሳያሟሙቅ ነው ምንጣፉ ላይ ያቆሙት። እንደታዘዘው ሁለት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ እግሩን ዘርግቶ ወጣ፤ እንደተዘረጋም በጣቶቹ አረፈ። እኔ የዚያን ዕለት እንደሱ የጠራ ዝላይ አላየሁም። ከረፋዱ በኋላ መዝጋቢው ተቀየረና አዲሱ መዝጋቢ እጅ ማወናጨፍ ፈቀደ። እጅ ማወናጨፍ ብቻውን ከፍታውን 10 በመቶና ከዚያም በላይ ሊጨምር እንደሚችል እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሁለቱ ዓይነት ዝላይ ግን በአንድ ወረቀት፣ በአንድ ዓምድ ተጻፈ። ኪሎና ሊትር ደምሮ ድምሩን እንደማንበብ ነው!

ከዚያ ደረደሩና መስመር አሰመሩ። ቀጭኑ ልጅ በ2 ሳንቲሜትር ከመስመሩ በታች ዋለ። «ምን ጎደለኝ?» ብሎ ሲጠይቅ ወረቀቱን አሳዩት። ኃላፊውን ለብቻው ጠርቼ ብነግረው «ማሽኑ ነው ያለው» አለኝ።

ማሽኑ! ማሽኑ ማንን ምን አለ? እጅ ይወናጨፍ ያለው ማሽኑ ነው? ሳይሟሟቅ ዝለል ያለው ማሽኑ ነው? እኛ ነን ወገኖቼ! አንድ ጊዜ አዘልለን፣ በአንድ ቁጥር የልጅ ዕድል የምንዘጋ እኛ ነን!

ደግሞ ነገሩ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው የአካል ማጎልመሻ መምህር ዱድሊ ሳርጀንት ወደ ላይ ዝላይን እንደ አካል ብቃት መለኪያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። ምንጣፍ የሌላችሁ አትሸማቀቁ፤ ኖራ የተቀባ ጣትና ግድግዳ ዛሬም ይሠራል፤ ቆሞ በነካውና ዘልሎ በነካው ምልክት መካከል ያለውን ርቀት ትለካላችሁ። ቆሞ የሚደርስበትን ስትለኩ ግን ተረከዙንም ትከሻውንም እዩ። ትከሻውን ዝቅ አድርጎ መነሻውን የሚሰርቅ አይጠፋም፤ እኔ በበኩሌ ብልጠቱን አደንቅለታለሁ፣ ግን ድጋሚ አስለካዋለሁ።

ሁለተኛው ነገር፣ ጥንካሬን ከፈጣን ኃይል አትቀላቅሉ። ከባድ ብረት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት ሴኮንዶች ይፈጃል። ጡንቻ ያለውን ሁሉ አውጥቶ ለመግፋት 0.3 ሴኮንድና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የአጭር ርቀት ሯጭ እግር በሙሉ ፍጥነት ላይ መሬት የሚነካው ግን ለ0.1 ሴኮንድ ያህል ነው። በብረት አንደኛ የወጣው በሩጫ ወደኋላ ቢቀር «ሰነፈ» አትበሉት፤ ያለውን ጉልበት በዚያች ቅጽበት ማውጣት አልቻለ ይሆናል። ይህን ለማየት ከሳጥን ወርዶ ወዲያው የሚነጥር ዝላይ አሠሩት፤ የዘለለውን ከፍታ፣ ከመንጠሩ በፊት እግሩ መሬት ላይ ለቆየበት የጊዜ ርዝመት አካፍሉት።

ክብደትም አለ። 60 ኪሎና 90 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ልጆች እኩል 40 ሳንቲሜትር ቢዘሉ፣ ትልቁ ሰውነቱን ለማንሳት አንድ ተኩል እጥፍ ሥራ ሠርቷል። ወረቀታችሁ ላይ ግን እኩል ናቸው።

ለጀማሪ የመጨረሻውን ክብደት አንድ ጊዜ አንሳ ማለት ግድ አይደለም። 100 ኪሎ 5 ጊዜ ካነሳ፣ በተለመደው ስሌት አንድ ጊዜ የሚያነሳው ወደ 117 ይጠጋል። ግምት ነው፤ ግምት ብላችሁ ጻፉት።

ሰዓቴ አልቋል መሰለኝ። የምጠይቃችሁ ይህን ነው፦ ከቁጥሩ ዓምድ በፊት ሰዓቱ፣ ማሟሟቂያው፣ የእጅ አቀማመጡና የመዝጋቢው ስም ይጻፍ። ቢያንስ ሦስት ሙከራ ይሰጠው፣ በመካከሉም በቂ ዕረፍት ይኑር። ለመቀነስ የቀረበ ልጅ በሌላ ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መዝጋቢ ይደገምለት። ይህን ያላሟላ ወረቀት ምልመላ ላይ ሲቀርብ ካያችሁ አትፈርሙ። ቅጹን አዘጋጅቼ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ፤ ስትወጡ ውሰዱ።

አመሰግናለሁ።