የላስታን ክብ ቤት የደርብ ወለል መቀየር

በላሊበላ፣ ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ አቅራቢያ፣ በአካባቢው ቀይ ድንጋይ የተሠሩ ደርብ ያላቸው ክብ ቤቶች ይገኛሉ። ግንቡ ዘመን ሲሻገር የደርቡ እንጨት ግን ቀድሞ ይደክማል። ወለሉ ስትረግጡት የሚረግብ ወይም ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ከሆነ፣ ጣውላ ከመግዛታችሁ በፊት ተሸካሚ አግዳሚዎቹን መርምሩ።

አብዛኛውን ጊዜ የሚበሰብሰው የአግዳሚው መካከል ሳይሆን ግንቡ ውስጥ የተቀበረው ጫፉ ነው። ክረምቱ ግንቡን ያርሰዋል፤ ድንጋዩን የሚያያይዘው ጭቃ እርጥበቱን ይዞ ይቆያል፤ ጫፉም አየር ስለማያገኝ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ያልቃል። ስለዚህ ከግንቡ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በመዶሻ መታ መታ አድርጉት፤ ጤነኛው እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ የተበላው የታፈነ ድምፅ ያሰማል። ከዚያም በመሮ ጫፍ ውጉት፤ ሳይታገል ከገባ አግዳሚው መለወጥ አለበት። ምድጃው ወደ ውጭ ማድ ቤት የተዛወረበት ቤት የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ጭሱ እንጨቱን እያደረቀ ነፍሳትን ሲያርቅለት ኖሯልና።

ሥራው ከጥቅምት እስከ ጥር፣ የበልጉ ዝናብ ሳይመጣ ቢከናወን ይመረጣል። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል።

አግዳሚዎቹ ወለሉን መሸከም ብቻ ሳይሆን ግንቡንም ያያይዛሉ፤ ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማውጣት፣ በተለይ በጭቃ በተገነባ ቤት፣ ለሕይወት አደገኛ ነው፤ እባካችሁ አታድርጉት። ግራና ቀኝ ያሉትን በፑንቴሎ (ከሥር በሚቆም ጊዜያዊ ድጋፍ) ደግፋችሁ አንዱን አውጡ፣ አዲሱን ተክታችሁ አጽኑ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ እለፉ። ቤቱ ክብ በመሆኑ የመካከሉ አግዳሚ ከሁሉም ይረዝማል፤ እያንዳንዱን በየቦታው ለኩ።

ጥድና ወይራ ምስጥን ይቋቋማሉ፤ ዛሬ ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ባሕር ዛፍ ግን እርጥብ ሆኖ ከገባ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም፤ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ በጥላ ሥር ለወራት አድርቁት። 5 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ እንጨት በጠባብ ጎኑ ሲቆም፣ ተጋድሞ ከሚተኛው ይልቅ መርገብን 9 እጥፍ ይቋቋማል፤ ስለዚህ ምንጊዜም አቁሙት። በጫፉ ዙሪያ የጣት ስፋት ያህል ክፍተት ተዉ፤ በሲሚንቶ አትድፈኑት።

ጣውላውን በምስማር ስትመቱ፣ ከግንቡ አጠገብ ያለውን አንዱን በብሎን ብቻ እሰሩት፤ በየዓመቱ ክረምቱ ሲያልፍ ፈታችሁ የአግዳሚዎቹን ጫፍ ታዩበታላችሁ።