የኪስ ባትሪ ስትገዙ ከቁጥሩ በፊት ድንጋዩን እዩ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከመገናኛ አካባቢ፣ የማታ ፈረቃ ሠራተኛ፦ ከታክሲ ወርጄ እስከ ቤቴ ያለው መንገድ ጨለማ ነው። ገበያ ላይ «100,000 ሉመን» የተጻፈባት አውራ ጣት የምታክል ባትሪ አየሁ። ልግዛት?

አይግዟት፤ ቁጥሩ ሐሰት ነው። ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው። 18650 የሚባለውን የሊቲየም ድንጋይ (ውፍረቱ 18፣ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር) የምትጎርስ ጥሩ የኪስ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ከ1,000 እስከ 2,000 ሉመን ትሰጣለች፤ እሱንም ለጥቂት ደቂቃ ነው። የአሉሚኒየም አካሏ ትንሽ ስለሆነ ሙቀቱን የሚያወጣበት ቦታ የለውም። እጅ ማቃጠል ስትጀምር ውስጧ ያለው ሰርኪውት ራሱ ብርሃኑን ይቀንሰዋል። ብዙ ሰው ይሄን እንደ ብልሽት ቆጥሮ ይመልሳታል፤ ብልሽት አይደለም፣ ራሷን እያዳነች ነው።

ለእርስዎ መንገድ ከ50 እስከ 100 ሉመን ይበቃል። ክዳኑ የተነሳ የፍሳሽ ጉድጓድም ሆነ ውሃ ያቆረ ጭቃ በደንብ ይታያል። ራቅ ብሎ የቆመ ውሻ ለመለየት 300 ያህል ለአፍታ ያስፈልግ ይሆናል። የበሩን ቁልፍ ቀዳዳ ለመፈለግ ግን 5 ሉመን እንኳ ይተርፋል። ስለዚህ ሻጩን «ትልቁ ስንት ነው?» ብቻ ሳይሆን «ትንሹስ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ዝቅ ማለት የማትችል ባትሪ ዓይን ታጭበረብራለች፣ ድንጋይም ትጨርሳለች።

ካርቶኑ ላይ «አንሲ ኤፍኤል1» (ANSI FL1) የሚል ካለ ቁጥሩ በደረጃ የተለካ ነው ማለት ነው። እሱም ቢሆን አነባበብ አለው። ብርሃኑ የሚለካው በበራች በ30ኛው ሰከንድ ነው፤ የሚሠራበት ሰዓት ደግሞ ከዚያ ብርሃን 10 በመቶው ብቻ እስኪቀር ድረስ ይቆጠራል። «10 ሰዓት» ቢል 10 ሰዓት ሙሉ በዚያው ድምቀት አይደለም። ርቀቱም ብርሃኑ 0.25 ለክስ፣ ማለትም የሙሉ ጨረቃን ያህል ብቻ እስኪሆን ነው የሚለካው። 200 ሜትር ቢል ግማሹን ይያዙ፤ 100 ሜትር ላይ ብርሃኑ ከዚያ አራት እጥፍ ስለሆነ ሰውና ግንድ ይለያል።

ድንጋዩንም ያጣሩ። እውነተኛ 18650 ከ3,600 ሚሊ አምፒር ሰዓት (የሚይዘው የኤሌክትሪክ መጠን) ብዙም አያልፍም፤ «9,900» የሚል ሁሉ ውሸት ነው። ክብደቱ 45 ግራም አካባቢ መሆን አለበት። ወርቅ ቤት ሚዛን ላይ ቢያስቀምጡትና 30 ቢያሳይ፣ ይተዉት።

ከጅዳ፣ እህታችን፦ ገጠር ላለችው እናቴ ልልክ ነው። ቻርጅ የሚደረግ ወይስ በድንጋይ የሚሠራ ይሻላል?

ቤቱ ስልክ ቻርጅ የሚያደርግ ሶላር ካለው፣ በዚያው በስልኩ ገመድ የምትሞላ ባለ ታይፕ ሲ ይላኩ። ከሌለ በአንድ የግድግዳ ሰዓት ድንጋይ የምትሠራውን ይምረጡ፤ እሱን ድንጋይ ሱቅ ሁሉ ያገኙታል። አንድ ቁልፍ ብቻ ያላት፣ ስትጫን የምትበራ ትሁን። ብልጭ ድርግም የምትል፣ አምስት ዓይነት ብርሃን የምትቀያይር ለእናትዎ ድካም ናት።

ተራው ድንጋይ ሲያረጅ ያፈሳል፤ ሳይነኳት ወር የሚቆዩ ከሆነ አውጥተው ያስቀምጡት ብለው ይንገሩልኝ። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ከወጣ በኮምጣጤ ወይም በሎሚ የራሰ ጥጥ ጠርጎ ማድረቅ ነው። ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ 14500 የሚባል የሊቲየም ድንጋይ በመልክ ከሰዓት ድንጋይ አይለይም። ነገር ግን ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፣ የሰዓቱ 1.5 ነው። ባትሪዋ ላይ «14500 ይቻላል» ካልተባለ ሊያቃጥላት ይችላል። ትርፍ የሊቲየም ድንጋይ ደግሞ በሻንጣ አይላክም፤ ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍኖ ከተሳፋሪው ጋር በእጅ ቦርሳ ነው።

ከደብረ ብርሃን፦ ባትሪዬ ስነካት ትበራለች፣ ስለቃት ትጠፋለች።

አብዛኛውን ጊዜ ቆሻሻ ነው። የኋላ ክዳኑን ይፍቱ። ጥርሱን፣ ሞላውንና የቱቦውን ራቁት ጠርዝ በአልኮል በራሰ ጥጥ ይጥረጉ፤ ጥጡ ጥቁር ሆኖ ሲወጣ ምክንያቱን አገኙት። ከዚያ ክዳኑ ውስጥ፣ ሞላው ዙሪያ ያለውን ቀለበት ይዩ፤ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ አለው። በወረንጦ ጫፍ ወደ ቀኝ ያጥብቁት፤ መላላቱ በጣም የተለመደ ነው። አሁንም እንቢ ካለች ክዳኑን ትተው በቁራጭ ሽቦ የድንጋዩን ኔጌቲቭ ከቱቦው ጠርዝ ጋር ያገናኙ። ከበራች አምፖሏ ደህና ነው፣ ችግሩ ማብሪያ ማጥፊያው ነው።

ከአዳማ፦ ኪሴ ውስጥ በራሷ በርታ ሱሪዬን አቃጠለችው።

ኃይለኛ ባትሪ ጨርቅ ላይ ተለጥፋ ስትበራ በእርግጥ ታቃጥላለች። ኪስ ከመክተትዎ በፊት ክዳኑን ሩብ ዙር ያላሉ። ጥርሱ ቀለም የተቀባ ከሆነ ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል፤ አልልተው ቁልፉን ይጫኑና ይሞክሯት። ከበራች ጥርሱ ብረቱ የወጣ ነውና ይሄ ዘዴ አይሠራም፣ ድንጋዩን አውጥተው ይያዟት። ሌላ ሲገዙ ቁልፉ ከጠርዙ ዝቅ ብሎ የተቀመጠውን ይምረጡ፤ ጠረጴዛ ላይ ቀጥ ብላ መቆም ከቻለች ቁልፉ ገብቷል ማለት ነው።