ሰዓት የሚይዝ ሞልቷል፣ ደረሰኝ የሚይዝ ጠፋ

የተከበራችሁ የሩጫ ማህበራችን አባላት፣ ወላጆችና እንግዶቻችን፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። ምግቡን ላሰናዱልን እናቶች፣ አዳራሹን በነፃ ለፈቀዱልን፣ ከሻርሎት ከተማ እዚህ ደርሃም ድረስ ነድታችሁ ለመጣችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን። የዓመቱ ሥራ ባጭሩ፦ ልጆቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ ልምምድ ሠርተዋል፣ በበጋው ውድድሮች ተሳትፈዋል፣ የሴቶቹ 4 በ100 ሜትር የዱላ ቅብብል ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ዱላ ሳይጥል ጨርሷል። ኮርተንባቸዋል። የቀረው በታደላችሁ ወረቀት ላይ አለ።

አሁን ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ወደነሳኝ ጉዳይ ልግባ። ገንዘብ ያዥ የለንም። ካለፈው ጉባኤ ጀምሮ ቦታው ክፍት ነው። ሜዳ ላይ ሰዓት ይዞ የሚቆም ሞልቷል፣ ይሄ ያስደስተኛል። መዋጮ ሰብስቦ፣ ደረሰኝ ቆርጦ፣ ፎርም ሞልቶ በጊዜው የሚልክ ግን ጠፋ። በዚህ ምክንያት የኢንሹራንሳችን ጊዜ አለፈ። ያለ ኢንሹራንስ ደግሞ ትራክ አይፈቀድልንም። የፀደዩን ግማሽ ያህል ጊዜ ልጆቹ ፓርክ ውስጥ፣ ሣር ላይ ሮጡ።

አንዲት የ13 ዓመት ልጃችን አዲስ ስፓይክ፣ ባለ ሹል የመሮጫ ጫማ፣ ተገዝቶላት ከነካርቶኑ ይዛው መጣች። ሣሩ በዝናብ ጨቅይቷል፣ ሯጭ እግሩን አስደግፎ የሚነሳበት ብሎክ የሚተከልበት ቦታ የለም። ካርቶኑን ከፈት አድርጋ ለጓደኞቿ አሳየችና መልሳ ዘጋችው። ልምምዱን በስኒከር ሠርታ ሄደች። እናቷ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰው ፍለጋ ስደውል ብዙዎቻችሁ ያላችሁኝ አንድ ነው፦ «እኔ የሜዳ ሰው ነኝ፣ የቢሮ ሥራ አይሆነኝም።» እስቲ እዚሁ ደርሃም ስለኖሩ አንድ የሜዳ ሰው ልንገራችሁ። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጠራው።

ዶክተር ሌሮይ ዎከር በ1918 አትላንታ ተወለዱ። ለቤቱ 13ኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። አባታቸው ሲሞቱ ኒውዮርክ ሃርለም፣ ወንድማቸው ዘንድ አደጉ። በ1945 ዛሬ ኖርዝ ካሮላይና ሴንትራል ዩኒቨርሲቲ ወደምንለው ኮሌጅ መጡና የአጭር ርቀትና የመሰናክል ሯጮችን ማሰልጠን ጀመሩ። ያኔ በዚህ ግዛት የጥቁርና የነጭ ትምህርት ቤት ለየብቻ ነበር፣ እሳቸው የነበሩበትም የጥቁሮች ኮሌጅ ነው። ከዚያ ትራክ ሊ ካልሁን ወጣ፤ በ1956 ሜልቦርን፣ በ1960 ሮም፣ ሁለቴ በ110 ሜትር መሰናክል ወርቅ ወሰደ። በ1972 ሙኒክ የዚያው ትምህርት ቤት ልጅ ላሪ ብላክ በ200 ሜትር ብር፣ በ4 በ100 ወርቅ አገኘ። በዚያው ኦሊምፒክ 4 በ400 ካሸነፉት ኬንያውያን ሁለቱ፣ ጁሊየስ ሳንግና ሮበርት ኡኮ፣ የዚሁ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። የኛም አገር ስም በታሪካቸው ውስጥ አለ፤ የኦሊምፒክ ቡድኖቻቸውን ካማከሯቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በ1976 ሞንትሪያል የአሜሪካን የወንዶች አትሌቲክስ ቡድን በዋና አሰልጣኝነት መሩ፤ ለዚያ ቦታ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ እሳቸው ነበሩ።

ከዚህ በላይ የሜዳ ሰው ከየት ይመጣል? እኚህ ሰው ግን ቢሮውን አልሸሹም። በ1983 የዚያው ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር፣ ማለትም የበላይ ኃላፊ፣ ሆኑ። ቀጥሎ፣ ዕድሜያቸው ሰባ አካባቢ ደርሶ፣ የአሜሪካ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ሆኑ። ገንዘብ ያዥ! በ1992 ፕሬዚዳንትነቱን ሲረከቡም ደመወዝ አልነበረውም፤ እንዲያውም በአትላንታው የኦሊምፒክ አዘጋጅ ኮሚቴ የነበራቸውን ጥሩ የሚከፈልበት ሥራ ትተው ነው የሄዱት። በ1996 ኦሊምፒክ በተወለዱበት ከተማ ሲካሄድ የአሜሪካ ኦሊምፒክ ኮሚቴ መሪ እሳቸው ነበሩ።

እኔ እንደሚገባኝ የአጭር ርቀት አሰልጣኝ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። እናንተ በብሎክ ላይ የእግር ርቀት በጣት ለክታችሁ የምታስተካክሉ ሰዎች ናችሁ። የመቶኛ ሰከንድ ልዩነት ይታያችኋል። የመዋጮ መዝገብ ይከብዳችኋል ብዬ አላምንም።

ዛሬ ያልመጣችሁም፣ ይህ ንግግር በቴሌግራም ይደርሳችኋል። ውድድር ቀን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስትመጡ ደስ ይለኛል፣ ከልቤ ነው። ስብሰባ ሲባል ግን ስልካችሁ አይነሳም። መዋጮ ካልከፈላችሁ ወራት ያለፋችሁ አላችሁ። ስም አልጠራም፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ኑሮው ከብዷችሁ ከሆነ ንገሩኝ፣ ይህ ማህበር ወንድም እህት ነው፣ እንተዛዘናለን። ዝምታውን ግን አልችለውም፣ ደክሞኛል።

ሥራው በወር ጥቂት ምሽት ነው። ባንክ ሄዶ መፈረም አለ፣ ደረሰኝ አለ፣ በዓመት አንዴ የኢንሹራንሱን ፎርም መላክ አለ። የመጀመሪያዎቹን ወራት አብሬ እቀመጣለሁ። ምርጫው ከቡና በኋላ ነው። የጥቆማ ወረቀቱ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ሌላ ሰው ከመጠቆማችሁ በፊት የራሳችሁን ስም ጻፉ።